ጠበልና ሚዛን

በአዲስ አበባ በሚገኝ የኩላሊት እጥበት ክፍል በነርስነት ስሠራ፣ ሕመምተኛው ማሽኑ ዘንድ ከመድረሱ በፊት የማደርገው የመጀመሪያ ሥራ ክብደቱን መመዘን ነው። ኩላሊቱ ሥራ ያቆመ ሰው የጠጣውን በሽንት ማስወገድ ስለማይችል፣ በሁለት እጥበቶች መካከል የሚጨምረው እያንዳንዱ ኪሎ አንድ ሊትር ገደማ የተጠራቀመ ፈሳሽ ነው። ሲበዛ ሳንባን ያፍናል፣ ልብን ያደክማል፤ አራት ሰዓት በሚፈጅ እጥበት በጥድፊያ ሲወጣ ደግሞ የደም ግፊትን ይጥላል።

አንድ ሰኞ ማለዳ፣ ደንበኛችን የሆኑ ነጋዴ አምስት ኪሎ ጨምረው፣ ትንፋሽ እያጠራቸው በልጃቸው ተደግፈው ገቡ። ሐኪሙ አይቷቸው፣ ኦክስጅን ተሰጥቷቸው እጥበቱ ተጀመረ። ቀለል ሲላቸው ስጠይቃቸው ሱባኤ ገብተው ጠበል ሲጠጡ እንደሰነበቱ፣ አንዱንም እጥበት ሆን ብለው እንደቀሩ ነገሩኝ።

«ሲስተር፣ ማሽን ላይ ተኝቼ ‹ፈውሰኝ› ብል፣ አላመንኩም ማለት አይደለም?» አሉኝ።

ስለ ፈሳሽ መጠን ማስረዳት ሥራዬ ነው፤ ለእንዲህ ያለው ጥያቄ ግን የነርስ መልስ ብዙም አይሰማም፣ አንዳንዴም እንደ ድፍረት ይቆጠራል። የመለሱላቸው አጠገባቸው የተኙት ጡረተኛ መምህርት ናቸው። እኒህ ሴት ከቤተሰባቸው የሚስማማ ለጋሽ አላገኙም፤ በ2008 ዓ.ም. በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል የተጀመረው የንቅለ ተከላ አገልግሎት ደግሞ ከዘመድ በሚለገስ ኩላሊት ላይ የተመሠረተ ስለሆነ፣ እጥበቱ የዕድሜ ልክ ጉዳያቸው መሆኑን ያውቃሉ።

«ወንድሜ፣ እኔም እንደ እርስዎ ነበርኩ። ጸሎቴ የተስተካከለው ኩላሊቴ እንደማይመለስ ከተቀበልኩ በኋላ ነው። አሁን የምለምነው የዛሬዋን እጥበት በሰላም እንዲያስጨርሰኝ ነው። ጠበሉንም አልተውኩም፤ ንስሐ አባቴን ጠይቄ እጠመቃለሁ፣ ለበረከት በቡና ሲኒ እቀምሳለሁ። ያቺን ሲኒም ከቀኑ ውሃዬ ላይ እቀንሳታለሁ» አሏቸው።

ላይ ላዩን ለሚመለከት፣ ሁሉን ትተው ሱባኤ የገቡት ነጋዴ የጸና እምነት ያላቸው፣ መምህርቷ ደግሞ እጃቸውን የሰጡ ይመስላሉ። በእኔ ግምት ግን ነጋዴው ሕመሙን ገና አልተቀበሉም ነበር፤ እጥበቱን መቅረታቸውም ከእምነት ይልቅ «በእኔ ላይ አይደርስም» ከማለት የመጣ ነበር። መምህርቷ የደረሰባቸውን መልካም ነው አላሉም። ክፍያው እንደሚከብዳቸው፣ ከእጥበት በኋላ አልጋ ላይ እንደሚውሉ፣ የተከለከሉት ሙዝና አቮካዶ እንደሚያምሯቸው ሳይደብቁ ያወራሉ፤ ሲያሻቸውም ያለቅሳሉ። ሆኖም ማስቀረት የማይችሉትን ሲታገሉ ያባክኑት የነበረውን ጉልበት፣ በእጃቸው ለቀረው ጥቂት ነገር ያውሉታል። ከተኙበት ሳይነሡ ሌላውን ሕመምተኛ ማጽናናት የቻሉትም በዚህ ይመስለኛል።

ነጋዴው በዚያ ቀን አልተረቱም፤ ጋቢያቸውን ተከናንበው ዝም አሉ። በሌላ ቀን ግን በቀን ስንት ሲኒ ውሃ እንደሚፈቀድላቸው ራሳቸው ጠየቁኝ። ክብደታቸው አንዳንድ ጊዜ፣ በተለይ በበዓል ሰሞን፣ አሁንም ከፍ ይላል፤ እጥበት ግን አይቀሩም። ክፍላችንም አዲስ ሕመምተኛ ሲመዘግብ ስለ ጠበል፣ ስለ ዘምዘምና ስለ ጾም አስቀድሞ መጠየቅ ጀመረ፤ ብዙዎቹ እንቆጣቸዋለን ብለው ስለሚፈሩ ሳይጠየቁ አይናገሩትምና።