«ካንሰር ነው፤ ግን አሁን አናክምሽም»

ሐኪሙ እንዲህ ሲለኝ የሰማሁት አልመሰለኝም፤ አስደገምኩት። በፈረንጆች 2019 ነው፣ እዚሁ አሜሪካ፣ ቨርጂኒያ። አንገቴ ላይ ሽምብራ የምታክል እብጠት ወጥታ ነበር። አታምም፣ አታሳክክ። ናሙና ተወስዶ ፎሊኩላር ሊምፎማ የሚሉት የደም ካንሰር ዓይነት ነው ተባለ።

ይሄ ዓይነቱ ለዓመታት ቀስ እያለ ነው የሚያድገው። የሚያስቸግር ምልክት እስካላመጣ ድረስ፣ መድኃኒቱን አስቀድሞ መጀመር ዕድሜ አይጨምርም። ስለዚህ በየሦስት ወሩ ደም እየተመረመሩ መከታተል ነው። እኔ ግን በልቤ «ኢንሹራንሴ ርካሽ ስለሆነ ነው» ብዬ ነበር።

ከበሽታው ይልቅ መጠበቁ ገደለኝ። ጠዋት ጠዋት መስታወት ፊት ቆሜ እብጠቷን ስደባብስ ቆዳዬ ቀላ። «ነካክተሽው ነው» አለኝ ሐኪሙ። ከዚያ ወዲህ በወር አንዴ ብቻ ነው የምነካት።

ሁዳዴ ደግሞ ሌላ ጣጣ አመጣ። 12 ፓውንድ ቀንሼ ስሄድ ነርሷ ሚዛኑን አይታ ደነገጠች። ያለ ምክንያት መክሳት፣ ልብስ የሚያስቀይር የሌሊት ላብ፣ ትኩሳት፦ የሚፈሩት እነዚህን ነው። 55 ቀን ሥጋም ወተትም እንደማንነካ እስካስረዳት ላብ በላብ ሆንኩ (የቀን ላብ ነው፣ አይቆጠርም)። አሁን ጾም ሳይገባ ቀድሜ እነግራቸዋለሁ።

ለሰው ትንፍሽ አላልኩም ነበር። እኛ ጋ ካንሰር ከተባለ በቁምሽ ለቅሶ ይቀመጡልሻል። መጀመሪያ ያኔ የሉኪሚያና ሊምፎማ ማኅበር ይባል የነበረው የአሜሪካ የደም ካንሰር ድርጅት ጋ ደወልኩ። ተመሳሳይ በሽታ ካለበት በጎ ፈቃደኛ ጋር በስልክ ያገናኛሉ። የደረሰችኝ ሴትዮ ዘጠኝ ዓመት አብራው ኖራለች፤ እንደ ስኳር በሽታ ነው የምታወራው። ያን ማታ ተኛሁ። ስለ ጠበል ግን ምን ብዬ ላስረዳት?

በመጨረሻ ለማኅበራችን ሴቶች ተናገርኩ። ቤቱ ጸጥ አለ። አንዷ እትዬ ሻሻቸውን አስተካከሉና «እኔም እኮ ጡቴን ተቆርጫለሁ፤ ስድስት ዓመቴ» አሉ። ስድስት ዓመት ሙሉ አብረን ጠበል ጻዲቅ ስንቀምስ!

በ2022 ሆዴ ውስጥ ያሉት እጢዎች አደጉና ሪቱክሲማብ የሚባለውን የሊምፎማ መድኃኒት በደም ሥር መውሰድ ጀመርኩ፤ በሳምንት አንዴ፣ ለአራት ሳምንት። አስቀድሞ የሄፓታይተስ ቢ ምርመራ መደረጉን አረጋግጡ። መድኃኒቱ የተኛውን ቫይረስ ሊቀሰቅስ ይችላል፤ አገራችን ደግሞ ሳያውቀው ይዞት የሚኖር ብዙ ሰው አለ።

የመጀመሪያው ቀን ስድስት ሰዓት ፈጀ። መሀል ላይ ብርድ ብርድ ብሎኝ ጥርሴ ተንቀጫቀጨ። ነርሷ ጠብታውን አቁማ መርፌ ሰጠችኝና ቀስ አድርጋ እንደገና ጀመረችው። እትዬ ጎኔ ነበሩ። የሆስፒታሉን ብርድ ልብስ በጣታቸው ዳሰስ አደረጉና «ይሄማ ምን ያሞቃል» ብለው ጋቢያቸውን ከትከሻቸው አውርደው ደረቡልኝ።