በአዲስ አበባ የኮምፕሬሽን ንባብ፦ በሲኦሲ ምዘና ስለጣለኝ አንድ ቁጥር

በአውቶሞቲቭ ሙያ ደረጃ 3 ሠልጥኖ ለብቃት ምዘና (ሲኦሲ) የሚዘጋጅ ሰው እኔን ማንም ያልነገረኝን ነገር አስቀድሞ እንዲያውቀው በማሰብ ይህን ጽፌያለሁ። ሥልጠናውን በአንድ ኮሌጅ ጨረስኩ፤ የትብብር ሥልጠናውን ሳሪስ አካባቢ በሚገኝ ጋራዥ አጠናቀቅኩ፤ ተመዝግቤ የጽሑፍ ፈተናውን ያለችግር አለፍኩ። ስለ እነዚህ የማወራው ብዙ የለኝም። ኮሌጆች ሥልጠናው እንዳለቀ ወዲያው መመዘን ይሻላል ይላሉ፤ እኔ ግን በዚህ አልስማማም። የተበላሸ መኪና ይዞ ከሚቆጣ ባለንብረት ፊት ለተወሰነ ጊዜ ሳይሠሩ መመዘን፣ የተሳሳተ መዛኝ ሲገጥም የሚከራከሩበትን ልምድ ሳይዙ መቅረብ ነው።

በተግባር ምዘናው የፊት ፍሬን ሸራ መቀየርና ሞተሪኖ (ሞተሩን የሚያስነሣውን) አውርዶ መፈተሽ ቀላል ነበሩ። ቀጥሎ የተሰጠኝ ሥራ የአንድ አሮጌ ኮሮላ ሞተር ኮምፕሬሽን፣ ማለትም ፒስተኑ አየሩን ሲጨምቅ የሚፈጠረውን ግፊት፣ ለክቶ ውጤቱን መተርጎም ነበር። ሞተሩ 4ኤ-ኤፍኢ የሚባለው የቶዮታ ሞተር ነው። ሞተሩን እስኪሞቅ አስነሣሁ፤ አራቱንም ካንዴላዎች (ቤንዚኑን የሚያቀጣጥሉትን) ፈታሁ፤ ቤንዚንና እሳት እንዳይሰጥ አቋረጥኩ፤ የባትሪውን ኃይል አረጋገጥኩ፤ ነዳጅ መስጫው እስከ መጨረሻው ተረግጦ እንዲያዝ አደረግሁ። ይህ የመጨረሻው ከተረሳ አየር በበቂ ስለማይገባ ጤነኛ ሞተርም የታመመ ይመስላል። የመለኪያው (የጌጁ) መርፌ መውጣቱን እስኪያቆም በሞተሪኖ እያሽከረከርኩ አራቱንም ሲሊንደሮች ለካሁ። ንባቡ 138፣ 140፣ 137 እና 139 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ አሃድ) ሆነ።

የአምራቹ ማኑዋል ለዚህ ሞተር መደበኛውን ንባብ 191፣ ዝቅተኛውን 142፣ በሲሊንደሮች መካከል የሚፈቀደውን ልዩነት ደግሞ 14 ፒኤስአይ ብሎ ያስቀምጣል። አራቱም ንባቦች ከዝቅተኛው በታች ናቸው። መዛኙ የሚጠብቀው መልስ «ፋሻ አልቋል፣ ሞተሩ ይከፈት» የሚል ነበር፤ ፋሻ ማለት በፒስተኑ ዙሪያ ሆኖ የተጨመቀው አየር እንዳያመልጥ የሚያግደው ቀለበት ነው። እኔ የጻፍኩት ግን ሞተሩ ደኅና እንደሆነ ነው።

ምክንያቴ ግምት አልነበረም። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ወለል ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው፤ ፒስተኑ የሚጨምቀው የገባውን አየር በመሆኑ፣ የሳሳ አየር ከገባ የሚወጣው ንባብም በዚያው መጠን ይወርዳል። በባሕር ወለል 191 የሚያሳይ ጤነኛ 4ኤ-ኤፍኢ እዚህ 143 አካባቢ ቢያሳይ ምንም አልሆነም፤ ያው ሞተር ድሬዳዋ ቢወርድ ወደ 165 ይጠጋል። ስለዚህ በእጄ የነበረው ሞተር ብዙ ከሠራ ሞተር ከሚጠበቀው በላይ ጥሩ ነበር። ከዚህም በላይ በየካንዴላው ቀዳዳ ጥቂት የሞተር ዘይት ጨምሬ ደግሜ ለካሁ። ፋሻው ቢያልቅ ኖሮ ዘይቱ ክፍተቱን ስለሚደፍነው ንባቡ በጣም ከፍ ይል ነበር፤ እሱ ግን ከቦታው እምብዛም አልተነቃነቀም። የአራቱ ሲሊንደሮች ልዩነትም 3 ፒኤስአይ ብቻ ነበር።

ይህን ሁሉ በመልስ ወረቀቱ ላይ አስፍሬ ሳስረክብ መዛኙ ቁጥሮቹን ብቻ አየና «አንተ ልጅ፣ የምጠይቅህ ማኑዋሉ የሚለውን ነው» አለኝ። «መምህር፣ ማኑዋሉ ላይ ያለው ቁጥር እኮ ለቆላ አገር ነው፤ እባክዎ ዘይት ጨምሬ የለካሁትን ይመልከቱልኝ» ብዬ አስረዳሁት። ወረቀቱን ሳይገልጥ «ከ142 በታች ከሆነ ብልሽት ነው፤ ሌላ ፍልስፍና የለም» ብሎ «ገና ብቁ ያልሆነ» የሚለው ላይ ምልክት አደረገ።

ቅሬታ አቀረብኩ። ቅሬታ ሰሚው የተሰየመው ለማጣራት እንደሆነ ቢነገረኝም የተሰጠኝ መልስ የቃል ብቻ ነበር፤ መዛኙ መመሪያውን ተከትሏል ተባልኩ። ሞተሩ በሌላ ሰው ዳግም ይለካ ብዬ ብለምንም የሰማኝ አልነበረም። በዚያው ሰሞን የምስክር ወረቀት ይዤ ልቀርብበት የነበረ የአንድ አስመጪ ድርጅት የጋራዥ ሥራ ለሌላ ሰው ተሰጠ። ያ ሥራ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል፤ ሥራውን ያጣሁት ባለማወቄ ቢሆን ኖሮ ቁጭቱ ይቀለኝ ነበር። የበለጠ የሚያናድደኝ ግን ይኸው ስሕተት በየጋራዡ የሰውን ገንዘብ መብላቱ ነው። ንባቡ አንሷል ተብሎ ቴስታታ (የሲሊንደሮቹ የላይ ክዳን) ወርዶ፣ ፋሻ፣ ብሮንዚና (ዘንጉ የሚሽከረከርበት ሽፋን) እና ጓርኒሲዮን (በመጋጠሚያዎች መካከል የሚገባው ማፈኛ) ተገዝቶ ሞተር ተገጥሞ ሲለካ እንደገና ያው ቁጥር የሚታይባቸው መኪኖች ብዙ ናቸው፤ ባለንብረቱም «እቃው ፎርጅድ ነው» ተብሎ ሻጩን ሲረግም ይኖራል።

ለድጋሚ ምዘናው ስቀርብ ክርክሩን አስቀድሜ በልኬት ዘጋሁት። በምሠራበት ጋራዥ ዘይት የማይበላ፣ ጢስ የሌለው፣ ጉልበቱም ያልቀነሰ መሆኑን በደንብ የማውቀውን አንድ 4ኤ-ኤፍኢ በራሴ ጌጅ ለክቼ ንባቡን ጻፍኩ፤ ጌጁንም ይዤው ሄድኩ። አዲሱ መዛኝ ቁጥሮቹን ጎን ለጎን ሲያይ ጥቂት አሰበና የዘይቱን ልኬት በዓይኑ ፊት እንድደግምለት ጠየቀኝ። ደገምኩለት፤ አለፍኩ። ስለ ምዘና የሚነገረው ምክር ማኑዋሉን አጥኑ የሚል ነው፤ የእኔ ምክር ማኑዋሉን አጥንታችሁ ስታበቁ ቁጥሩ በየትኛው ከፍታ እንደሚሠራ በመልስ ወረቀቱ አናት ላይ፣ መዛኙ ሳያየው እንዳያልፍ አድርጋችሁ እንድትጽፉት ነው። ሞተሩ አየር የሚስብበትን ኃይል በሚለካው በቫኩም ጌጅም ነገሩ ይኸው ነው፤ ንባቡ በየ300 ሜትሩ አንድ ኢንች ሜርኩሪ ያህል ስለሚወርድ፣ በባሕር ወለል ከ17 እስከ 22 የሚያሳይ ጤነኛ ሞተር እዚህ ከ9 እስከ 14 ቢያሳይ አትደንግጡ።

ዛሬ ባለንብረት ሞተሩ ይከፈት ተብሎ ወደ እኔ ሲመጣ፣ ከመስማማቴ በፊት የአራቱን ሲሊንደሮች ልዩነትና ዘይት ከተጨመረ በኋላ የሚገኘውን ንባብ አያለሁ። ጥርጣሬ ከቀረኝ ፒስተኑን የጭመቃ ጫፉ ላይ አቁሜ በካንዴላው ቀዳዳ ከኮምፕሬሰር አየር እሰጣለሁ፤ አየሩ በዘይት መሙያው በኩል ከነፋ ፋሻ ነው፤ በጭስ ማውጫ ወይም በአየር ማስገቢያ በኩል ከተሰማ ቫልቭ ነው፤ በራዲያተሩ ውኃ ውስጥ አረፋ ካስነሣ ደግሞ የቴስታታው ጓርኒሲዮን ነው። ከሦስቱ አንዱም ካልታየ ሞተሩን አልከፍትም፤ ውጤቱንም ከተለካበት ከተማ ስም ጋር በደረሰኙ ላይ ጽፌ ለባለንብረቱ እሰጣለሁ፤ ነገ ሌላ ጋራዥ ሞተርህ አልቋል ሲለው የሚያሳየው ወረቀት ይኖረዋል።