ኬር ጊቨር ልትማሩ ያሰባችሁ ከመክፈላችሁ በፊት

የአክስቴ ልጅ ዘንድሮ ማትሪክ አልመጣላትም እና እዚህ ድሬዳዋ ከሳቢያን እስከ ከዚራ የተለጠፈውን ማስታወቂያ ሁሉ ፎቶ እያነሳች ትልክልኛለች፣ «ኬር ጊቨር (የህመምተኛ ተንከባካቢ) በ3 ወር»፣ «ነርስ ኤይድ ከነሰርተፍኬቱ»፣ የቱ ይሻለኛል እያለች።

እኔም እንደሷ ተመዝግቤ ነበር። የት እንደሆነ አልናገርም። ክፍሉ ጥግ ላይ መለማመጃ አሻንጉሊት አለ ከነፕላስቲኩ፣ 3 ወር ሙሉ ፕላስቲኩ አልተቀደደም፣ ኖት ስንገለብጥ አለቀ። ሲኦሲ (የሙያ ብቃት ምዘና) ልፈተን ስሄድ ተቋሙ በዚህ ሙያ እውቅና የለውም ተባልኩ። እናቴ የእቁብ ብሯን ነው የከፈለችልኝ፣ ምን ብዬ እንደምነግራት ጨንቆኝ ደቻቱ ድልድይ ላይ ቆሜ አለቀስኩ።

ስራውን በእጄ የተማርኩት አያቴ ሆስፒታል ተኝታ አስታማሚ ሆኜ ነው አቦ። አንዷ ነርስ «በየ2 ሰአቱ ካላገላበጥሻት ጀርባዋ ይቆስላል» ብላ ጠራችኝና አሳየችኝ፣ ጉልበቷን አጠፍ አድርጋ አንድ እጇን የአያቴ ትከሻ ላይ አንዱን ዳሌዋ ላይ አድርጋ ቀስ ብላ ወደራሷ ሳበቻት፣ ከጀርባዋ ትራስ ወሸቀች፣ አንሶላው እንዳይጨማደድ ወጠረችው፣ በድሬ ሙቀት ላብ ያራሰው ጭምድድ ያለ አንሶላ ቆዳ ይልጣል። በሁለተኛው ዙር እኔ ሳገላብጣት አያቴ «ተባረኪ» አለችኝ።

ስለዚህ ልጅቷን ያልኳት፣ ከመክፈልሽ በፊት ክፍሉን ግቢና እይ፣ አልጋ አለ? የደም ግፊት መለኪያው ለስንት ተማሪ ነው? ፕራክቲስ የት ሆስፒታል ነው የሚወጡት፣ ስንት ቀን? የእውቅና ወረቀቱ ላይ የምትማሪው ሙያ ራሱ በስሙ መጻፉን አንብቢ፣ ሌላ ሙያ ላይ ያለ እውቅና ላንቺ አይሰራም፣ ካልገባሽ ሥራና ክህሎት ቢሮ ሄደሽ ጠይቂ። ክፍያውን ከዛ በኋላ ታወዳድሪያለሽ።

በ3 ወር ነርስ ትሆኛለሽ የሚልሽን ደሞ እንዳታምኚው፣ የነርስ ዲግሪ 4 አመት ነው። ኬር ጊቨር ያጥባል፣ ያበላል፣ ያገላብጣል፣ ሙቀትና ትንፋሽ ለክቶ ይመዘግባል፣ መርፌ አይወጋም። ትልቅ ስራ ነው፣ ግን ምን እንደሆነ አውቀሽው ግቢበት።

ነገ ጠዋት ፀሀይዋ ሳትበረታ በባጃጅ ዞረን ሁለት ቦታ ልናይ ነው። እኔ ቀጥታ የምሄደው አልጋው ጋ ነው።