ለታስክ የመጣ ሰው እንዲቆይ

ባህር ዳር ላይ የቴሌግራም ግሩፕ የምታስተዳድሩ ልጆች፣ ይሄን የምጽፈው በተለይ ለእናንተ ነው። አዲስ የክሪፕቶ ፕሮጀክት መጣ በተባለ ቁጥር የሚለጠፈው ነገር አንድ ነው። ቻናሉን ተቀላቀሉ፣ ኤክስ ላይ ፎሎው አድርጉ፣ አምስት ሰው ጋብዙና ፖይንት ውሰዱ። ታስክ የሚሉት ይሄንን ነው፣ ፖይንቱም ኋላ ኮይን፣ ማለትም የፕሮጀክቱ ዲጂታል ገንዘብ፣ ይሆናል ይባላል። አምስት ሰው መጋበዝ ማንንም አያቅትም። ከባዱ ነገር የተጋበዘው ሰው ከወር በኋላም እዚያው መገኘቱ ነው።

ሃምስተር የሚባለው የቴሌግራም ጨዋታ የነበረበትን ጊዜ አስታውሱት እስቲ። ፔዳ ግቢ፣ ባጃጅ ውስጥ፣ ጣና ዳር ጁስ ቤት፣ የትም ብትሄዱ ሰው ስልኩን ታፕ ታፕ ያደርግ ነበር። ኮይኑ የወጣው መስከረም 16 ቀን 2017 ዓ.ም. ነው፣ ልክ በደመራ ዕለት። ሰው ነጠላውን ለብሶ ለደመራ እየወጣ አንድ ዓይኑ ስልኩ ላይ ነበር። ሒሳቡን አብረን እንስራው። በአጠቃላይ 100 ቢሊዮን ኮይን ነው፣ ለተጫዋቾች የተመደበው 60 በመቶው፣ ድርሻ የደረሳቸው ሰዎች ደግሞ 131 ሚሊዮን። በአማካይ ለአንድ ሰው ከ460 ኮይን አይበልጥም። የአንዱ ኮይን ዋጋ በወጣበት ቀን ወደ አንድ የአሜሪካ ሳንቲም ነበር፣ ስለዚህ ለወራት ልፋት በአማካይ አምስት ዶላር እንኳ አይሞላም። 2.3 ሚሊዮን ሰው ደግሞ አጭበርብራችኋል ተብሎ ጭራሽ ተሰረዘ። በማግስቱ፣ በመስቀል፣ እኔ የነበርኩባቸው ግሩፖች ጭር ብለው ነበር የዋሉት።

ሰዎቹ ሰነፎች ስለሆኑ አይደለም የሄዱት። ታስኩ ራሱ ምንም አላስተማራቸውም፣ እርስ በርስም አላስተዋወቃቸውም። ፕሮጀክቱ የሚፈልገው ቁጥር ነበር፣ ቁጥሩንም አገኘ። ለቁጥር ከከፈላችሁ ደግሞ ቁጥር የሚያመርት ሰው ይመጣባችኋል፤ አንዱ ሰው ሃምሳ ዋሌት (የክሪፕቶ ቦርሳ) ከፍቶ ሃምሳ ሰው መስሎ ይሰለፋል። በዓለም ደረጃ ሲቢል የሚሉት ይሄንን ነው። ከዚያ ፕሮጀክቱ ማጣሪያ ያወጣል፣ ማጣሪያው በእውነት የሰራውንም ጭምር ይቆርጠዋል፣ የሱንም ልፋት ውሃ በላው።

ከዚህ ለየት ያለ ምሳሌም አለ። ዩኒስዋፕ የሚባለው የክሪፕቶ መለዋወጫ በመስከረም 2013 ዓ.ም. ከዚያ በፊት ተጠቅመውበት ለነበሩ ሰዎች ለእያንዳንዳቸው 400 ኮይን ሰጠ። ያኔ ፎሎው አድርጉ የለ፣ ጋብዙ የለ። ሽልማቱ የመጣው ሰው ነገሩን ለገዛ ጉዳዩ ከተጠቀመበት በኋላ ነው። ችግሩ ከዚያ ወዲህ ዓለም በሙሉ ቀጣዩን ዩኒስዋፕ እያደነ የማይፈልገውን ነገር መጠቀም ጀመረ።

እኛ ትንሽ ግሩፕ አለችን። ፖይንት የምንሰጠው አንድ ሰው ሌላውን ሲረዳ ብቻ ነው፣ ፖይንቱን የሚሰጠው ደግሞ አድሚን ሳይሆን የተረዳው ሰው ራሱ ነው። ጊዮርጊስ አካባቢ ስልክ የምትጠግን ልጅ አለች፤ ስለ ዋሌት በአማርኛ የጻፈችው መመሪያ አንድ ገጽ አይሞላም። ዋሌታችሁን የሚከፍቱትን አስራ ሁለቱን ቃላት ደብተር ላይ በእጃችሁ ጻፉ፣ ፎቶ አታንሱ፣ ስክሪንሾት አታድርጉ፣ ቴሌግራም ላይም አታስቀምጡ፣ እኔም ብጠይቃችሁ አትስጡኝ ትላለች። ያቺ የመጨረሻዋ ነገር ስንቱን እንዳዳነች እኔ ነኝ የማውቀው።

ምክንያቱም አጭበርባሪው ሁሌ አድሚን መስሎ ነው የሚመጣው። ፎቶው ያው፣ ስሙም ያው፣ አንዷ ፊደል ብቻ ተቀይራለች። "ወንድሜ ዋሌትህን ቬሪፋይ ላድርግልህ፣ አስራ ሁለቱን ቃላት ላክልኝ" ይላል፣ በጣም በትህትና። እኛ ጋ እንዲህ ያለውን መጀመሪያ አይቶ የለጠፈ ፖይንት ያገኛል። ይሄ ታስክ ሰዉን ዓይነ ንቁ አደረገው፣ አሁን ሐሰተኛ ሊንክ ግሩፑ ውስጥ ብዙ አይቆይም።

ሽልማቱ ኮይን አይደለም። ብሔራዊ ባንክ በ2014 ዓ.ም. በክሪፕቶ መገበያየት ሕገ ወጥ መሆኑን አስታውቋል፣ ልጆችን እዚያ ውስጥ መክተት አልፈልግም። በየወሩ ከምናዋጣው ላይ ብዙ ፖይንት ላላቸው የኢንተርኔት ፓኬጅ እንገዛላቸዋለን። ዳታ ለወራት ተዘግቶ በነበረባት ከተማ ፓኬጅ ቀላል ነገር አይደለም። ነገሩ ወንፈል ነው፤ ዛሬ የኔ ማሳ፣ ነገ ያንተ። የገበሬ ልጅ ለሆነ ሰው ይሄን ማስረዳት አያስፈልገኝም።

የቀን ገደብም አለን። አንድ ሰው በቀን ከሦስት ፖይንት በላይ አይወስድም። ገደቡ ከመጣ ወዲህ ለፖይንት ብሎ የሚንጫጫው ቀርቶ ረጋ ብሎ የሚመልስ ሰው በዛ፣ መልሶቹም ረዘም አሉ።

የሚቀጥለው ታስክ የጋዝ ክፍያ፣ ማለትም ክሪፕቶ ሲላክ የሚቆረጠው ክፍያ፣ ለምን ከፍ ዝቅ እንደሚል ለጀማሪ በሚገባ አማርኛ ማስረዳት ነው። በድምፅም ይሁን በጽሑፍ፣ እንደተመቻችሁ። ቅዳሜ ከሰዓት ጣና ዳር ተገናኝተን አንድ ላይ እናነበዋለን፣ ያልገባውን ሰው ይዛችሁ ኑ፣ ፖይንቱን የሚሰጠው እሱ ነው።