«ኮፒው አለ»

የሠራተኛውን ማህደር ስካን የሚያደርግልን ድርጅት ጨረታውን በዝቅተኛ ዋጋ አሸንፎ ከገባ ወዲህ የሰው ሀብት ኮሪደር በካርቶን ተጨናንቋል። አንድ ሰኞ የድርጅቱ ሥራ አስኪያጅ መጣና፣ ሥራው ሁሉ ያለበት ሃርድ ዲስክ ከነቦርሳው ታክሲ ላይ መቅረቱን ነገረን። ፓስወርድ? የለውም።

«ግን ችግር የለም» አለ፣ እኔን ሳያይ፣ ለኃላፊያችን። «ኮፒው አለ።»

ኃላፊያችን እፎይ አሉ። ሻይ አዘዙለት!

«እኛ ጋ መኖሩን ማን ጠየቀ? ያሳሰበኝ ሌላ ሰው እጅ መግባቱ ነው» አልኩ። የባንክ ሂሳብ ቁጥሩ፣ የሐኪም ማስረጃው፣ የዋሱ ስም ከነስልኩ፣ ከስንት ዓመት በፊት የተሰጠ የዲሲፕሊን ቅጣት ሳይቀር እዚያ ውስጥ ነው።

«እህቴ፣ አሜሪካኖቹም ደርሶባቸዋል እኮ። ከመንግሥት ሠራተኞች አስተዳደር መሥሪያ ቤታቸው የ21.5 ሚሊዮን ሰው መረጃ መሰረቁ በፈረንጆቹ 2015 ነው የታወቀው። ሌቦቹ የገቡትም በኮንትራክተር የይለፍ ቃል ነው።»

አንብቧል ልጁ፤ አልካድኩትም። «ልክ ነህ፣ የ5.6 ሚሊዮን ሰው የጣት አሻራም አብሮ ሄዷል» አልኩት። «የ21.5 ሚሊዮኑ ቁጥር በተነገረ ማግሥት ደግሞ የመሥሪያ ቤቱ ዳይሬክተር ሥራቸውን ለቀቁ።»

ኃላፊያችን ሻያቸውን ማማሰል አቆሙ። ከዚያ በኋላ ስለ አሜሪካ ያነሳ የለም።

ስለ ግል መረጃ ጥበቃ የወጣው አዋጅ 1321/2016 እንዲህ ያለ ነገር ሲደርስ በ72 ሰዓት ውስጥ ለኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ይነገር ይላል። ያረቀቅኩት ደብዳቤ «ይታይ» ተብሎ ወደ ላይ ወጣ፤ እስካሁን አልወረደም። ለሠራተኛውም የተነገረው ነገር የለም፣ ኮሪደር ላይ ከሰማው በቀር።

ስናማት የኖርነው የማህደር ክፍል ሠራተኛ ነበረች። ዳይሬክተሩ ራሳቸው ፋይል ሲጠይቁ «በደብዳቤ ይምጣ» የምትል፣ የራስሽን ማህደር እንኳ ቆማ የምታስነብብ። «ዘመናዊ አሠራር ይግባ» ሲባል መጀመሪያ ከቦታዋ የተነሳችው እሷ ናት። ወሬውን ስትሰማ «እኔ ቁልፉን በፊርማ ነው ያስረከብኩት» አለች፤ ሌላ ቃል አልጨመረችም።

ድርጅቱ ቀሪ ክፍያውን ወሰደ። ቀጥሎ የመልካም ሥራ አፈጻጸም ደብዳቤ ጠየቀ፤ በማግሥቱ ተፈርሞ ወጣለት፣ «በጥራትና በወቅቱ» ይላል። አሁን የሚወዳደረው አንድ ሆስፒታል ባወጣው ጨረታ ነው፤ የበሽተኞችን ካርድ ስካን ለማድረግ።