ሲቆለፍና ሲዘጋ

ገላን ያለ አንድ መጋዘን ነው። የንብረትና የሒሳብ ፕሮግራማቸው መሀል ከተማ ዋናው ቢሮ ባለ ሰርቨር ላይ ይሠራል። የመጋዘኑ ሰዎችም፣ ከቤታቸው የሚሠሩ ሒሳብ ሠራተኞችም በሪሞት ዴስክቶፕ፣ ማለትም የሰርቨሩን ስክሪን ከሩቅ ከፍተው፣ እዚያው ይገባሉ። እኔ የተጠራሁት «ሲስተሙ ሥራ ይበላል» ተብሎ ነው።

የንብረት ክፍል ኃላፊዋ ገና ሳልቀመጥ ጀመሩ። «ልጄ፣ ዕቃ ልቆጥር ወርጄ ስመለስ ግማሽ የሞላሁት የገቢ ደረሰኝ የለም!» ዘዴም አበጅተዋል። እሳቸው ሲወርዱ ጥበቃው ወንበራቸው ላይ ቁጭ ብለው ሲስተሙ እንዳይዘጋባቸው ማውሱን ይነካኩላቸዋል።

ይሄ አሳዘነኝ። ስክሪን ይቆለፍ የተባለው ሌላ ሰው በእሳቸው ስም እንዳይገባ ነው። አሁን ግን ፕሮግራሙ ተከፍቶ ሌላ ሰው ፊቱ ተቀምጧል። በኃላፊዋ ግን አልፈርድም፤ ሥራቸውን ማዳን ነበረባቸው።

መቼቱን ስፈትሽ ነገሩ ገባኝ። ሲስተሙን ያዋቀረው ባለሙያ መጀመሪያ በግሩፕ ፖሊሲ (ለብዙ ኮምፒውተርና ተጠቃሚ መቼት ከአንድ ቦታ በሚታዘዝበት መሣሪያ) ስክሪን ሴቨሩ በ600 ሰከንድ እንዲቆልፍ አዝዞ፣ ፖሊሲውን ሰርቨሩ ያለበት ኦዩ (ኮምፒውተሮችና አካውንቶች የሚመደቡበት ክፍል) ላይ አስሮታል። አልሠራለትም። ይሄ መቼት የተጠቃሚ ነው፤ ዊንዶውስ ደግሞ የተጠቃሚን መቼት የሚወስደው የሰውየው አካውንት ካለበት ኦዩ ነው። ሲያቅተው ወደ ሴሽን (አንድ ሰው ሰርቨሩ ላይ ገብቶ የከፈተው ሥራ) ጊዜ ገደብ ዞረ፤ 10 ደቂቃ ያልተነካ ሴሽን ጭራሽ እንዲዘጋ አደረገ። ስክሪን ሲቆለፍ ፕሮግራሙ እንደተከፈተ ይቆያል። ሴሽን ሲቋረጥ፣ ማለትም ግንኙነቱ ሲበጠስ እንኳ፣ ፕሮግራሙ ሰርቨሩ ላይ መሥራቱን አያቆምም። ሲዘጋ ግን ሴቭ ያልተደረገ ሁሉ ይሄዳል።

መፍትሔው ሉፕባክ የሚባለው መቼት ነው። እሱ ሲበራ፣ ሰርቨሩ ላይ የታሰረው የተጠቃሚ ፖሊሲ ለሚገባ ሁሉ ይደርሳል። ፖሊሲው ለተወሰነ የተጠቃሚ ግሩፕ ብቻ ከሆነ የሰርቨሩ አካውንትም ፖሊሲውን የማንበብ ፈቃድ ሊኖረው ይገባል። እ.ኤ.አ. በሰኔ 2016 ከወጣው የማይክሮሶፍት ማሻሻያ ወዲህ ይሄ ግድ ነው፤ ብዙ ሰው ይረሳዋል።

ከቤት የሚገቡትን ሰርቨሩ ራሱ በ10 ደቂቃ እንዲቆልፍባቸው አደረግን። የግል ላፕቶፓቸውን እኛ አናዝበትም፤ ማን አጠገቡ እንዳለም አናውቅም። የመጋዘኑ ሰዎች ከቤት መግባት አልተፈቀደላቸውም፤ የድርጅቱ ኮምፒውተርም ራሱ ይቆለፋል። እነሱን ሁለት ጊዜ ፓስዎርድ ማስጻፍ ማድከም ብቻ ነው፤ የደከመ ሰው ደግሞ ፓስዎርዱን ወረቀት ላይ ጽፎ ስክሪኑ ላይ ይለጥፋል።

ከሥራ አስኪያጁ ጋር የተከራከርነው የተቋረጠ ሴሽን እስከ መቼ ይቆይ በሚለው ላይ ነው። እሳቸው 1 ሰዓት ይበቃል አሉ። ገላን ላይ መብራት ከሄደ ግን በ1 ሰዓት ውስጥ ላይመጣ ይችላል። ኮምፒውተሩ ቢጠፋም ደረሰኙ ሰርቨሩ ላይ አለ፤ ሴትዮዋ መብራት ሲመጣ ገብተው ካቆሙበት ይቀጥላሉ። ለ8 ሰዓታት እንዲቆይ ተስማማን።