ለዘር የሚሆን ብርድ

ዛሬ እንዲሁ ከፍቶኛል። የሱሉልታ የኅዳር ንፋስ ከሰዓት በኋላ ሲነሳ ያለ ምክንያት ሆድ ያስብሳል። ስለ አንዲት ሴት ልጽፍ ነበር የተቀመጥኩት፤ የላከችው የዘር ፖስታ ፊቴ ተቀምጦ ሐሳቤን ወሰደው እንጂ።

የበረዶ ተራራ አበባ ነው፤ አኲሌጂያ፣ ጄንቲያና፣ ኤዴልቫይስ። ከዓመት ዓመት ከሥሩ እያቆጠቆጠ የሚኖር። «ብርድ ከወደደማ ሱሉልታ ሰፈሩ ነው» ይላል ያየው ሁሉ። ነገሩ ግን ወዲህ ነው። ስዊድናዊው የዕፅዋት ተመራማሪ ኦሎቭ ሄድበርግ እ.ኤ.አ. በ1964 ስለ ምሥራቅ አፍሪካ ከፍተኛ ተራሮች ሲጽፍ፣ የሙቀቱ ወራት በየቀኑ፣ የብርዱ ወራት በየሌሊቱ ይመጣል ብሏል። እኛ ያን ያህል ከፍታ ላይ ባንሆንም ሌሊት አመዳይ ጥሎ ያደረበት ሜዳ ረፋድ ላይ ጀርባ ያቃጥላል። የጄንቲያና ዘር ደግሞ ሌሊት አይቆጥርም። ለመብቀል ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ያልተቋረጠ ብርድ ይፈልጋል፤ የቀኑ ሙቀት ያቋርጥበታል።

ስለዚህ ፍሪጅ። በረዶ ቤቱ አይሆንም፤ በሩ ላይም አይሆንም፣ በተከፈተ ቁጥር ይሞቃል። የታችኛው መደርደሪያ፣ ከ2 እስከ 5 ዲግሪ። ብዙዎች ዘሩን ከነፖስታው ያስገባሉ። ደረቅ ዘር ፍሪጅ ውስጥ ዕድሜው ይረዝማል እንጂ አይነቃም፤ ብርዱ የሚሠራው ውኃ ጠጥቶ ባበጠ ዘር ላይ ነው። አንድ እጅ ዘር ከሦስት እጅ የታጠበ አሸዋ ጋር ይቀላቀላል። አሸዋው ሲጨመቅ መያያዝ እንጂ መንጠብጠብ የለበትም። አንድ ቀን ቤት ውስጥ ያድርና በፌስታል ታስሮ ይገባል። በየሳምንቱ ይታያል፦ ሻጋታ ካለ ይታጠባል፤ ከዘሩ ጎን የመርፌ ጫፍ የምታህል ነጭ ነገር ብቅ ካለች ሥር ናትና ያኔውኑ ይዘራል፤ ቀኑ አልሞላም አይባልም። መብራት ለጥቂት ሰዓት ቢጠፋ አያስጨንቅም፣ በሩን አለመክፈት ነው። ኤዴልቫይስ ያን ሁሉ ብርድ አይጠይቅም፤ ብርሃን ስለሚፈልግ ላዩ ላይ ይበተናል፣ አፈር አይለብስም።

አፈሩ ሁለት እጅ የተነፋ ሬድ አሽ (ቀዩ የእሳተ ገሞራ ጠጠር)፣ አንድ እጅ ሻካራ አሸዋ፣ አንድ እጅ የጫካ አፈር። ፍግ የለም። የሰፈራችን ጥቁር አፈርማ አይታሰብም፤ በዝናብ ውኃ ያቁራል፣ በበጋ ተሰንጥቆ ሥር ይበጥሳል። አኲሌጂያ ከተዘራ በኋላ ላዩ ግማሽ ሳንቲ ሜትር ደቃቅ ጠጠር ይለብሳል፤ አንገቱን ከእርጥበት ይጠብቅለታል። ውኃ ከሥር ነው፣ ጠዋት ጠዋት፦ ማሰሮውን ሳፋ ውስጥ አስቀምጦ ላዩ ሲጠቁር ማውጣት። ማታ ከላይ የጠጣ ቡቃያ ከአፈሩ ጋር በሚገናኝበት ቦታ ቀጥኖ፣ ጠቁሮ፣ በማግሥቱ ተኝቶ ይገኛል። ሲዛወር ደግሞ በቅጠሉ ነው የሚያዘው፤ ቅጠል ይተካል፣ ግንድ አይተካም።

አሁን የገባ ዘር ጥር ላይ ይወጣል፤ ለሰኔ ዝናብ አምስት ወር ጉልበት ያገኛል። ነሐሴ መጨረሻ የገባ ይሻል ነበር። ውርጭ የማይበግረውን ተክል ሐምሌና ነሐሴ ያበሰብሱታልና ከላይ ፕላስቲክ፣ ጎኑ ክፍት።

ይህ ሁሉ ሆኖ ያብባል ወይ? ጄንቲያናው ቅጠል ብቻ ሆኖ ዓመታት ሊቀመጥ ይችላል፤ እምቡጥ ለመያዝም ረጅም ብርድ የሚጠብቅ ብዙ ነው። የሰሜን ተራሮች ጅባራ ይህን ሁሉ ጣጣ አያውቅም፤ ጊዜው ሲደርስ አንዴ አብቦ ይሞታል። እዚያው ሰሜን ገደል ላይ ፕሪሙላ የሚባል የራሳችን አበባም አለ። እኔ ግን የባዕዱን ማሰሮ በየዓመቱ ከነተክሉ ፍሪጅ ማስገባት ይቻል ይሆን እያልኩ መደርደሪያ እለካለሁ። ብርድ በነጻ በሚታደልበት ሱሉልታ ብርድን በቆጣሪ የሚገዛ ሰው ምን ይባላል? ደግሞስ ወጡ የት ይቀመጣል?